ለሚሞላ ሮለርቦል እስክርቢቶ የትኛው ቀለም ይሻላል?

ቀለም የሚሞላ ሮለርቦል፣ ማለትም ጫፉ ላይ በምትሽከረከር ትንሽ ኳስ የሚጽፍ እስክርቢቶ፣ የገዙ ወዳጆቼ ሁሉ «ምን ቀለም ልሙላበት?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ አንድ ነው፦ ከጠርሙስ የሚቀዳ፣ በውኃ የሚሟሟ ተራ የብዕር ቀለም፣ በተለይም ሰማያዊው።

ይህን አቋም የያዝኩት አንድ ጥሩ እስክርቢቶ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ሰነድ ላይ የምፈርምበት በውኃ የማይለቅ ቀለም ያስፈልገኛል ብዬ፣ «ቋሚ» የሚል የተጻፈበት ጥቁር የሥዕል ቀለም ገዛሁ። በመጀመሪያው ቀን ደምቆ ጻፈ፤ በሦስተኛው ቀን መስመሩ ይቆራረጥ ጀመር፤ ሳምንት ሳይሞላ ኳሷ መሽከርከሯን አቆመች። ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኩት፣ በሲሪንጅም ውኃ ገፋሁበት፤ የወጣው ግን እንደ ጥላሸት ያለ ስስ ቅርፊት ብቻ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት እንዲህ ዓይነቱ ቀለም ሼላክ የተባለ ሙጫ አለበት፤ ሙጫው አንዴ ከደረቀ ደግሞ ውኃ አያሟሟውም። የቀለም ብዕር ቢደፈን ጫፉ ተነቅሎ ሊታጠብ ይችላል፤ የሮለርቦል ኳስ ግን 0.5 ወይም 0.7 ሚሊ ሜትር የምታህል ሆና በብረት ማቀፊያዋ ውስጥ ተጨምቃ የተያዘች ስለሆነች ጫፉ ሳይሰበር አትወጣም። የእኔ እስክርቢቶ ጫፍ ለብቻው የሚሸጥ ስላልነበረ ሙሉው እስክርቢቶ ተጣለ።

ለቀለም ብዕር ተብለው የሚሠሩት የፒግመንት ቀለሞች፣ ለምሳሌ ፕላቲነም የተባለው ኩባንያ ካርቦን ጥቁር፣ ከሥዕል ቀለም እጅግ ይሻላሉ። ቢሆንም በውስጣቸው ያለው በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ስለሆነ፣ በየቀኑ ለማይጽፍ ሰው አልመክራቸውም። ብልጭልጭ ብናኝ የተጨመረባቸውን ደግሞ ለሮለርቦል ከቶ አትግዙ። ብረት ያለባቸው ቀለሞች፣ የፔሊካን 4001 ሰማያዊ ጥቁር ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ወረቀት ላይ ካረፉ በኋላ አየር ሲያገኛቸው እየጠቆሩ ይሄዳሉ፤ ውኃም ጨርሶ አያጠፋቸውም። ነገር ግን አሲድነት ስላላቸው በብረት ጫፍ ውስጥ ለወራት ሊተዉ አይገባም።

ስለ ዋጋ ስታስቡ የጠርሙሱን ዋጋ ከካርትሪጁ (ቀለም ተሞልታ እስክርቢቶው ውስጥ ከምትገባው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ) ሣጥን ዋጋ ጋር እንዳለ አታወዳድሩ፤ ሁለቱንም በያዙት ሚሊ ሊትር አካፍሉ። አንድ አጭር ካርትሪጅ የሚይዘው 0.8 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ 6 ካርትሪጅ ያለበት ሣጥን 5 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። የ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግን ያንኑ ካርትሪጅ 37 ጊዜ ይሞላል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ከ6 ሣጥን ዋጋ በታች እስከተገኘ ድረስ የሚያተርፈው እሱ ነው። ሮለርቦል ከቀለም ብዕር ይልቅ ቀለም ስለሚያባክን ልዩነቱ ቶሎ ይሰማል። ያለቀውን ካርትሪጅ አጥቦ፣ ጫፉ ባልሾለ ሲሪንጅ እንደገና መሙላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ ግን ማኅተሙ የተነካ ጠርሙስ አይገዛም። አንድ ጊዜ የታወቀ ቀለም መስሎኝ የገዛሁት ጠርሙስ ሲከፈት የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ነበረው፤ ላዩ ላይም ስስ ሻጋታ ተንሳፍፎ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀለም አጥልሎ ለመጠቀም መሞከር እስክርቢቶውንም ማጣት ነው።

ከተራዎቹ ቀለሞች መካከል የዋተርማን ሰማያዊ መልኩ ያምራል፤ ሆኖም በደንብ የሚፈስ ቀለም ስለሆነ፣ ራሱ ብዙ ቀለም በሚያፈስ የሮለርቦል ጫፍ ውስጥ ሲገባ በስስ ወረቀት ላይ ይንሰራፋል፣ ፊደሉንም ፀጉራም ያደርገዋል። የፔሊካን 4001 ሮያል ሰማያዊ ግን ቁጥብ ስለሆነ የጫፉን ማፍሰስ ያመጣጥነዋል፤ የእኔም ምርጫ እሱ ነው። ጉድለቱ ውኃ ሲነካው መልቀቁ ነው፤ ስለዚህ ለፊርማ ሌላ እስክርቢቶ ለብቻው ያዙ።

ቀለም ስትቀይሩ ሁለቱን አትደባልቁ፤ የተለያየ ቀለም ሲገናኝ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል። የሚወጣው ውኃ ንጹሕ እስኪሆን እጠቡት፤ ከዚያም ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በተጣጠፈ ሶፍት ላይ አቁሙትና ሌሊቱን ይደር።