በባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የቪአር መጫወቻ ቤት፦ ዕቃው ጥሩ፣ አያያዙ ጉድለት ያለበት

በባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የቪአር (በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ሌላ ቦታ ያሉ የሚያስመስል ቴክኖሎጂ) መጫወቻ ቤት ሁለት ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል፤ አንደኛው መሪና ፔዳል ያለው፣ ፊቱና ግራ ቀኙ በሦስት ስክሪኖች የተከበበ የመኪና መንጃ ወንበር ሲሆን፣ ሁለተኛው ራስ ላይ የሚጠለቅ መነጽር ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም አይጎዳም። ቅሬታዬ አስተናጋጆቹ የሚሸጡት ነገር፣ ማለትም በተቀመጡበት የመሄድ ስሜት፣ ከየት እንደሚመጣ ባለመረዳታቸው ደንበኛውን ያለ ምክንያት ለማዞርና ለማቅለሽለሽ መዳረጋቸው ነው።

ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። በስክሪኑ ላይ መንገዱ ሲታጠፍ ገላቸው አብሮ ዘመመ፤ በግራ እጃቸውም የወንበሩን ጠርዝ ጨምድደው ያዙ። አስተናጋጁ «አባባ፣ ወንበሩ እኮ አልተነቃነቀም» ቢላቸው፣ «ታዲያ ይዞኝ የሚሄደው ማን ነው ልጄ?» ሲሉ መለሱለት።

ይዟቸው የሚሄደው በአመዛኙ የጎኖቹ ስክሪኖች ናቸው። በእኔ ተራ ሁለቱ እንዲጠፉልኝ ጠይቄ ስነዳ፣ ጨዋታውም ፍጥነቱም ያው ሆኖ ሳለ መንገዱ ፊት ለፊቴ የሚሮጥ ሥዕል ብቻ ሆነ፤ ተመልሰው ሲበሩ ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የምሄደው እኔ ሆንኩ። በመናኸሪያ የጎኑ አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲወጣ የራሱ አውቶቡስ ወደ ፊት የተንቀሳቀሰ የመሰለው መንገደኛ ስሜቱን ያውቀዋል። ብራንት፣ ዲችጋንስና ኮኒግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በእይታ መሃል በ30 ዲግሪ ክልል ብቻ የሚታይ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከፊት ያለው ነገር የሚንቀሳቀስ እንደሚያስመስል፣ ዳር ዳሩን የሚሞላ እንቅስቃሴ ግን ተመልካቹ ራሱ የሚዞር እንዲመስለው እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ምስሉ ጥልቀት ካለው የመሃል እይታም ይህንኑ ሊያደርግ እንደሚችል ስላመለከቱ፣ ነገሩን ሁሉ ለዓይን ዳር መስጠት አይገባም።

ሚዛናችንን ለመጠበቅ የሚያግዘው የውስጥ ጆሮ የሚከታተለው የፍጥነትን መለዋወጥ እንጂ እኩል ፍጥነትን አይደለም። ስለዚህ ቀጥ ባለ መንገድ ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ ሲነዱ ዓይን «እየሄድን ነው» ቢል ጆሮ የሚቃወምበት ነገር የለውም፤ ድንገተኛ መታጠፍና ቁልቁል መውረድ ሲመጣ ግን ሁለቱ ይጣላሉ፤ ማቅለሽለሹም በአብዛኛው ከዚህ አለመስማማት የሚመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ ቤት ጀማሪውን ሁሉ መነጽር አጥልቆ በቀጥታ ከገደል ወደሚወረወር የሐዲድ ጨዋታ ይሰደዋል፤ ከዚህ የከፋ ምርጫ አይገኝም። (ገደሉ ካልቀረ ደግሞ የዓባይ በረሃ እያለልን የማናውቀው አገር ገደል ባልሆነ ነበር።)

መፍትሔው እዚያው መነጽሩ ውስጥ አለ። ብዙ የቪአር ጨዋታዎች በእንቅስቃሴ ጊዜ የምስሉን ዳር የሚያጨልም ምርጫ አላቸው፤ እኔ የሞከርኩትም ነበረው፤ ነገር ግን ተዘግቶ ነበር፤ አስተናጋጁም ስለ መኖሩ አልሰማም። ከፍተን ስንሞክረው የመብረሩ ደስታ በመጠኑ ቀነሰ፤ የሆዴ መገለባበጥ ግን በጣም ቀለለልኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው በወንበሩ ቢጀምር፣ ሲያዞረውም ዓይኑን ከስክሪኖቹ አንሥቶ ግድግዳውን ቢያይ ይሻለዋል። መነጽሩን የሚመርጥ ከሆነ ዳሩ እንዲጨልምለት አስቀድሞ ይጠይቅ። የሚዛን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበትን ሰው ግን ቤቱ ራሱ ጠይቆ ሊመልሰው ይገባ ነበር፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።