የቨርጂኒያ ወርከርስ ኮምፕ፦ «አውቀዋለሁ» ብዬ ጉድ የሆንኩበት

ኮከብ፦ ከ5 ሦስት ተኩል። ግማሿ የአስተርጓሚዋ ናት።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን ካሸር ነኝ። ያኔ የምሠራው ማታ ነበር። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዱ ኮፍያውን ደፍቶ ገባ፣ ሽጉጥ አወጣ፣ መሳቢያውን ከፈትኩለት፣ ያለውን አፈሰ። ብትበዛ 180 ዶላር ናት። ወስዶ መሄድ ሲችል በሽጉጡ ፊቴን ሊለኝ ሰነዘረ፣ በግራ እጄ ስከላከል አንጓዬ ቀጭ አለ። ስለ ሌባው ይሄ ይበቃል። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለገባሁበት ስለ ወርከርስ ኮምፕ ነው፣ ማለትም ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ስለሚከፍለው የአሠሪው ኢንሹራንስ፣ ምክንያቱም ከኛ ሰው ስንቱ ነው ማታ ማታ ስቶርና ፓርኪንግ የሚያድረው።

መጀመሪያ ይሉኝታው መጣ። ባለቤቱ የኛው አገር ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «አይዞህ ልጄ፣ የሆስፒታሉን እኔ እችላለሁ፣ ኢንሹራንሱን ባንነካካው» አለኝ። እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። እንጀራ የሰጠኝን ሰው ልከስ ነው እንዴ ብዬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ከዚያ የአጎቴ ልጅ ሚስት፣ እሷ ነርስ ናት፣ የድንገተኛ ክፍሉን ቢል ስታይ ሳቀች። «ጋሼ ይሄን ይከፍልልሃል? ደግሞስ ክስ ማን አለህ?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ወርከርስ ኮምፕ ክስ አይደለም። ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እንዲያውም ለዚህ ዓይነት ጉዳት አሠሪህን ፍርድ ቤት መክሰስ ሕጉ አይፈቅድልህም፣ በልዋጩ የአሠሪው ኢንሹራንስ ሕክምናህንና ያጣኸውን ደሞዝ ይክፈል ነው የሚለው። 3 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ኢንሹራንሱን የመግዛት ግዴታ አለበት። ወረቀት የሌለው ሠራተኛም ሕጉ ውስጥ አለ። አደጋውን በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪህ ማሳወቅ አለብህ። እኔ ጋሼ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ቢያየኝም ቴክስት ላኩለት፣ ቀኑና ሰዓቱ በጽሑፍ ይቀመጥ ብዬ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ከኢንሹራንሱ አጀስተሯ ደወለች፣ ይከፈል አይከፈል ብላ ጉዳዩን የምታጣራዋ ማለት ነው፣ የኩባንያውን ስም አልጠቅስም። ድምፅህ ይቀረጻል አለች፣ እሺ አልኩ። በጣም ትሁት ናት፣ እጅህ እንዴት ነው ምናምን። ቀጥላ «ሰውዬውን ታውቀዋለህ?» አለች። እኔም በቅንነት፣ በዚያች በምትሰባበር እንግሊዝኛዬ፣ አዎ አውቀዋለሁ አልኩ። ምን ለማለት ነው? ዋዜማውን ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ መታወቂያ ስጠይቀው ተሳድቦ ሄዷል፣ መልኩ ትዝ ይለኛል ለማለት ነው። በኛ ቋንቋ አንዴ ያየኸውንም ሰው «አውቀዋለሁ» ትላለህ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። አንከፍልም። ምክንያቱ? የግል ጠብ ነው።

የቨርጂኒያ ሕግ እዚህ ላይ ቀጭን ነው። ድብደባው ከሥራው የመጣ መሆን አለበት። ሌባ ካሽ ሊወስድ መጥቶ ቢመታህ የሥራ አደጋ ነው። የቀድሞ ፍቅረኛህ ወንድም ሥራ ቦታህ ድረስ መጥቶ ቢመታህ ግን የራስህ ጉዳይ ነው፣ ምንም ሺፍት ላይ ብትሆን። እኔ በአንዲት ቃል ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተዛወርኩ። ስለዚህ ድምፅህ የሚቀረጽ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቅ። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለህ አትኩራ። እኔ 14 ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ነው።

የኢንሹራንሱ «አይሆንም» ግን የመጨረሻ አይደለም። ከሱ በላይ የቨርጂኒያ ወርከርስ ኮምፔንሴሽን ኮሚሽን አለ፣ ዋናው ቢሮ ሪችመንድ ነው። የይገባኛል ማመልከቻህን እዚያ ራስህ ታስገባለህ፣ ጊዜው አደጋው ከደረሰ 2 ዓመት ነው። ይቺን አስምርባት፦ ኢንሹራንሱ ቼክ እየላከልህ ቢሆን እንኳ አስገባ። አንድ ወዳጄ ቼኩ እየመጣ ነው ብሎ ተኝቶ፣ ቼኩ ቆሞ ሲነቃ ሁለቱ ዓመት አልፎ ነበር።

ችሎቱ ላይ አስተርጓሚ ተመደበልኝ፣ በነፃ። ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። ጉዳዩን የሚሰማው ምክትል ኮሚሽነር ይባላል፣ ያው ዳኛ በለው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። በአማርኛ «አይቼዋለሁ እንጂ አላውቀውም፣ ስሙንም አላውቅ፣ መታወቂያ የጠየቅኩትም ሥራዬ ስለሆነ ነው» አልኩ። እሷ አንድም ሳታጎድል አስተላለፈችው። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ውሳኔው በፖስታ መጣ፣ ለኔ ተፈረደ። ጠበቃ ይዤ ነበር፣ ቅድሚያ አላስከፈለኝም፣ ክፍያውንም የሚያጸድቀው ኮሚሽኑ ነው።

ገንዘቡስ? ከአማካይ የሳምንት ደሞዝህ ሁለት ሦስተኛው ነው። እኔ 800 ነበርኩ፣ 533 ሆነ። ታክስ ስለሌለው እንደፈራሁት አልጎዳኝም። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አይከፈሉም፣ ከ3 ሳምንት በላይ ከቀረህ ግን እነሱም ይመለሳሉ። እኔ 11 ሳምንት ቀረሁ። ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ የነዳሁት ማይል ሳይቀር። ሐኪሙን ግን እንደፈለግክ አትመርጥም፣ ከሚሰጡህ ቢያንስ የ3 ሐኪሞች ዝርዝር ነው።

ኮከብ የቀነስኩበት ይኸውላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ኡበር እነዳ ነበር። ያ ገቢ አልተቆጠረም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ሥራ ከተጎዳህበት ሥራ ጋር ተመሳሳይ ካልሆነ አይደመርም። ባለ ሁለት ሥራ ሐበሻ ሁሉ ይህን ይወቅ። ለሥቃይህና ለእንቅልፍህ ተብሎ የሚታሰብ ካሳም የለም። ለጭንቀቱ ሕክምና ግን አለ፣ ከተሰበረው እጅ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ። እኔ በሩ ላይ ያለችው ደወል በጮኸች ቁጥር ስለምዘል ሄጃለሁ፣ አላፈርኩም።

ሌላው ማንም ሳይነግረኝ የቀረው፣ እጅህ እንደ ድሮው ካልተመለሰ የሚከፈለው ነው። ሐኪሙ በመቶኛ ይለካዋል። የአንድ እጅ ሙሉ ዋጋ የ150 ሳምንት ክፍያ ነው፣ ስለዚህ 10 በመቶ ካጣህ የ15 ሳምንት። ካልጠየቅክ ፈልጎ የሚሰጥህ የለም። እኔ አሁን የጀበና ክዳን በግራ እጄ መክፈት ያቅተኛል፣ ልለካ ቀጠሮ ይዣለሁ።

የኡበርና የታክሲ ሰዎች ደግሞ ተቀጣሪ አይደላችሁም ተብላችሁ ከዚህ ውጪ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያኔም ባዶ እጅ አትቅሩ። ቨርጂኒያ ቪክቲምስ ፈንድ የሚባል፣ ወንጀል ለደረሰበት ሰው የሚከፍል አለ፣ የሚያስተዳድረው ያው ኮሚሽን ነው። እስከ 35,000 ዶላር ይሄዳል። ሌባው ባይያዝም ማመልከት ይቻላል፣ ግን ፖሊስ ጋ ቶሎ ሪፖርት አድርጉ። ሌላ ከፋይ ካለ መጀመሪያ እሱ ይክፈል ይላል፣ እሱ የሰልፉ መጨረሻ ነው። የተወሰደባችሁን ካሽና ስልክ አይተካም።

ጋሼ ተቀይሞኝ ነበር። የኢንሹራንስ ክፍያዬን አስጨመርክብኝ አለ፣ አንድ ሁለት ሳምንት በሰላምታ ብቻ ተላለፍን። ከዚያ «ቀን ሺፍት ልስጥህ?» አለኝ፣ ያው ይቅርታ መሆኑ ነው። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከጓዳ የቡና ኩባያ ላወጣ ስል ግድግዳው ላይ ወረቀት አየሁ። ስትጎዳ ምን ታደርጋለህ የሚለው የኮሚሽኑ ማስታወቂያ ነው፣ እንዲለጠፍ ሕግ የሚያስገድደው። ስንት ጊዜ እዚያ እንደኖረ እንጃ፣ የኩባያ ካርቶኖች ተደርድረውበት ነበር። ካርቶኖቹን ወደ ፍሪጁ ጎን አዛወርኳቸው፣ ጋሼም አየኝ፣ ምንም አላለም።