ሙጫማው የአቧራ ጨርቅ፦ ለዘይት ቫርኒሽ ይበጃል፣ ለውሃ ቫርኒሽ አይሆንም

ቫርኒሹ ደርቆ እጅ ሲዳብሰው የሚሻክር ቁምሳጥን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቫርኒሹ አይደለም፤ ሳይነሣ የቀረ ብናኝ ነው። ለዚህ የሚሸጠው «ታክ ክሎዝ» የሚባለው ጨርቅ በሰም ወይም በሙጫ የተነከረ ስስ የጥጥ ሻሽ ነው። ሲነኩት ያዝ ማድረግ አለበት፣ ጣት ላይ ግን መቅረት የለበትም። ጣት ላይ የሚቀር ሙጫ እንጨትም ላይ ይቀራልና እንዲህ ያለውን አለመግዛት ነው።

ጨርቁ የመጨረሻ ማለፊያ ብቻ ነው። ሰጋቱራ የተከመረበትን ጠረጴዛ በእሱ መጥረግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወዲያው ይሞላና ያነሣውን መልሶ ይዘራል። አስቀድሞ ፀጉሩ በለሰለሰ ደረቅ ፔኔሎ በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ መጥረግ፣ ቫኪዩም ካለም ብሩሽ ባለው አፉ መሳብ ያስፈልጋል። ዋንዛ ላይ ይህን መዝለል አይቻልም። የዋንዛ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ በ180 ወይም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ዱቄቱ ውስጡ ይጠቀጠቃል፤ ጨርቁ ደግሞ ላይ ላዩን እንጂ ከጉድጓድ አይጎትትም። ቫርኒሽ ሲያርፍበት ያ ዱቄት ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ፍቆ እንደገና ከመጀመር በቀር መላ የለውም።

ቀዳዳ በማጽዳት ኮምፕረሰርን የሚያህል የለም። ነገር ግን በተዘጋ ክፍል የተነፋ ብናኝ ዞሮ እዚያው እንጨት ላይ ይተኛል። ደጅ ነፍቶ ማስገባት፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጨት ማድረግ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ፣ ከዚያ ጨርቁን ማሳለፍ ነው። የደብረ ብርሃን የበጋ ነፋስ ሲነሣ በሩን ከፍቶ መቀባት ይህን ሁሉ ልፋት ከንቱ ያደርገዋል። የኮምፕረሰሩ ጋን ያጠራቀመው ውሃም አስቀድሞ ይፍሰስ፤ ዘይት ያለበት ጠብታ ያረፈበት ቦታ ቫርኒሽ አይቀበልም።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጫን ነው። ጨርቁ ተዘርግቶና ተራግፎ ለቀቅ ባለ መልኩ ይጨበጥ፤ በራሱ ክብደት ብቻ ይሳብ፤ ፊቱ ሲሞላ ይገልበጥ። ከተጫኑት ሰሙ እንጨቱ ላይ ይቀርና ቫርኒሹ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል፣ ወይም ከርሞ ይላጣል። አየሩም ልዩነት ያመጣል። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ጠዋት ጠዋት ሙጫው ደርቆ አቧራ አይይዝም፤ ጥቂት ደቂቃ በእጅ ማሸት ይበቃዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ቆላው ሙቀት ስለሚያለሰልሰው ፀሐይ ላይ ማኖር አይገባም፣ እጅም ይበልጥ መቅለል አለበት።

ለዘይት ቫርኒሽ ጥሩ ዕቃ ነው፣ በተለይ ከአንዱ ቅብ ወደ ሌላው በ320 ቁጥር ከተፈተገ በኋላ። ውሃ ለሚቀላቀልበት ቫርኒሽ ግን አንመክረውም፤ ሰምና ውሃ አይስማሙም። ለዚያ በንጹሕ ውሃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ፣ ክር የማይጥል ጨርቅ ይሻላል። ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሶ መወልወል የተለመደ ቢሆንም ቅባት ስለሚተው ባይደረግ ይመረጣል።

አቧራው መውጣቱን ዓይን ብቻውን አይለይም። ክፍሉን አጨልሞ ባትሪውን ከእንጨቱ ጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው፤ የቀረ ብናኝ ካለ ጥላ ይጥላል።

ጨርቁ ክዳኑ በሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ከተቀመጠ ለብዙ ሥራ ይደርሳል። ዘይት ቫርኒሽ የነካው ከሆነ ግን ተጠቅልሎ ሰጋቱራ ክምር ላይ አይጣል፤ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ይወገድ።