የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት አክስል ኪት ለጎጃም መንገድ

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ለ60ና ለ70 ሞዴል የሚሸጠው ርካሹ የጥገና ኪት ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት)፣ የጨርቅ ቀለበትና ጉርኒሲዮን (በብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ይዟል። ኩሽኔታ (ቦሎቄ መሳይ ብረቶች ያሉት ማሽከርከሪያ) የለውም፤ ለሁለቱ ጎን 4 ኩሽኔታ ከነብረት ቀለበቱ ለብቻ ይገዛል። አሮጌውን የብረት ቀለበት ትቶ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሳጥኑን እዚያው ከፍታችሁ የውስጠኛው ፓራኦሊዮ መኖሩን እዩ።

የኪቱ ፓራኦሊዮ ጎማ ደህና ነው። የጨርቁ ቀለበት ግን ስስ ነው፣ በክረምት የዋልካ ጭቃን የሚያግደው ደግሞ እሱ ነው፤ ይህን አንዱን ኦሪጅናል ግዙ።

ሲፈታ ከአክስሉ ጫፍ ኳስ (መገጣጠሚያው ካለበት ክብ ቤት) የሚወጣው ግሪስ እንደ አጥሚት ከቀጠነ የዲፈረንሻል ዘይት በውስጠኛው ፓራኦሊዮ አልፏል ማለት ነው። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን ዘንግ በጥፍር ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው አዲሱም ቶሎ ያፈሳል።

የላይና የታች ስስ ቆርቆሮዎች እንዳይቀላቀሉ፣ ለየብቻ እሰሯቸው። የኩሽኔታውን ጥብቀት የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ፓራኦሊዮው ሳይገባ በፊት በሚጎተት ሚዛን ይለካ። በየጎኑ መገጣጠሚያ ውስጥ ላሉት 6 ትናንሽ ኳሶች ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ፣ ያውም ጠቅጥቆ።

የመሪው ክንድ 4 ዳዶዎች ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ እንደገና ይጥበቁ። ላልተው ቡሎኑ ከተቆረጠ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ መሪ የለም።