የእህቴን ልጅ በሕግ ልጃችን ላደረገችልን ጠበቃ

ባለፈው ማክሰኞ ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን አጸደቀልን። ልጅቷ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ችሎት ውስጥ እናቴ ደረት ላይ ተኝታ ነበር። ዳኛዋ አንብበው ሲጨርሱ ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። እኔ ግን ዞሬ ያየሁት ጠበቃችንን ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ማመስገኑን ግን አልከለከለችኝም።

ታናሽ እህቴ ያረፈችው ልጇ ገና የወር ተኩል ሕፃን ሳለች ነው። የሰማንያ ቀን ክርስትናዋን ያስነሳናት ከል ለብሰን ነበር። ያኔ ስለ ወረቀት ያሰበ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘንድ የእህት ልጅ ልጅ ነው፣ በቃ። በአራት ወሯ ግን ሳንባ ምች ይዟት ሆስፒታል ገባች፤ የሚፈርም ወላጅ ተጠየቀ። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ያን ዕለት የጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፣ ስልኩም አይሠራም። ያቺን ሌሊት መቼም አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ጉዲፈቻ እንፈጽም አልን። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ 60 ሺህ ብር ጠየቀን። ልንበደር ስንል ጎረቤታችን ወደዚህች ጠበቃ መራችን።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳትጽፍ አዳመጠችን። ከዚያ «ለመሆኑ የሚያስፈልጋችሁ ጉዲፈቻ ነው?» አለችን። አዎ ስንላት ሕጉን አስረዳችን። አባቷ በሕይወት ስላለ በሕግ አሳዳሪዋም ሞግዚቷም እሱ ነው። ወላጆቿ ሁለቱም በሕይወት ቢኖሩ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን የእሱ ይበቃል። እኔ ብቻ ልፈርም ብዬም ነበር፣ አይሆንም አለች። ባለትዳር የሚያሳድገው ከትዳር ጓደኛው ጋር በጋራ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

ከሁሉም የከበደው የአባቷ ነገር ነው። «ልጄን ልሰጥ ነው እንዴ?» ብሎ አቀርቅሮ ቀረ። ጠበቃዋ የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ 213/1992ን አውጥታ አንቀጽ 183ን አነበበችለት። «ወንድሜ፣ ልጅቷ ከተወለደችበት ቤተሰብ ጋር ያላት ግንኙነት አይቋረጥም» አለችው። የሚከብደውንም አልደበቀችውም። ከሁለቱ ቤተሰብ መምረጥ ግድ ሲሆን የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንደሚቀድም ነገረችው። «ዛሬ አትፈርም። አንድ ሳምንት አስብበት» ብላ ሸኘችው። እኔ ልቤ ተሰቀለ። እሷ ግን አንዴም ደውላ አልወተወተችውም። በስምንተኛው ቀን ራሱ መጣ፣ ለእናቴ ማርና ብርቱካን ይዞ። የማመሰግናት ከምንም በላይ ለዚች ሳምንት ነው።

ወጪውን ለምትጠይቁኝ፣ በጠቅላላው 4 ሺህ ብር አልሞላም። አብዛኛው ታክሲና ፎቶ ኮፒ ነው። ለጥብቅና ምንም አልከፈልንም። በ1992 የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ይህን ከእሷ ነው የሰማሁት፤ ስለዚህ ጠበቃ ስታነጋግሩ ለመጠየቅ አትፈሩ። ማመልከቻውን ራሷ ጻፈችልን። የትኛው ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው እንደማያስፈልግ ለይታ ነገረችን። የልጅቷን ልደት በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገባችን ብዙ ጣጣ አስቀርቶልናል። የእህቴ የሞት የምስክር ወረቀት ላይ ግን የስሟ አንድ ፊደል ተሳስቶ ኖሮ ሦስት ቀን ተመላልሰናል። ወረቀት ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ ፊደል በፊደል አንብቡ።

ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮ የመጡት ባለሙያም ቤታችንን አዩ፣ ልጅቷን አቅፈው አጫወቷት። ከዚያም አስተያየታቸውን ለፍርድ ቤት ላኩ። ሰው እንዳወራልን የሚያስፈራ ነገር የለውም።

እኛ አዲስ አበባ ነን። ክልል ያላችሁ በክልላችሁ የቤተሰብ ሕግ ነው የምትስተናገዱት፤ ስለዚህ እዚያው ያለ ባለሙያ ጠይቁ። አቅም የሌላት እናት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታነጋግር። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የጠበቃችንን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እልክላችኋለሁ።

ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። ደስታዋን ልትነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ውሳኔውን ሦስት ኮፒ አድርጊ፣ አንዱን ለአባቷ ስጡት» አለችኝ። ቅዳሜ ከመንገድ ሲመለስ ሰጠነው። ላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ መኪናው ላይ ከለጠፈው የልጅቷ ፎቶ ጀርባ ሰካው።