የታይሮይድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና፦ በአንገት፣ በብብት ወይስ በከንፈር?

«አንገት ላይ ጠባሳ የማይተው» የሚባል ቀዶ ሕክምና ሲሰማ ልቡ የማይነሳ ሰው ጥቂት ነው። ግን ጠባሳው ተደበቀ ማለት የተነካው ሥጋ አነሰ ማለት አይደለም። አንዳንዴ እንዲያውም ይብሳል።

ከነባሩ እንጀምር። አንገት ላይ በአግድም ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር ይቀደዳል። የታይሮይድ ዕጢው እዚያው ስለሆነ ሐኪሙ ሁሉንም ፊት ለፊት ያያል። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ፣ ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቶ የአየር ቧንቧን ከነካ ወይም የአንገት ጎን ንፍፊቶች ውስጥ በብዛት ከገባ፣ ብዙ አያከራክርም፤ ይሄው ነው። ጠባሳው ከአንገት እጥፋት ጋር ከገጠመ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

በካሜራ የታገዘው የአንገት ቀዶ ሕክምና የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ጣሊያናዊው ፓኦሎ ሚኮሊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቀው ነው። ቀዳዳው 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። «አነስተኛ» የሚለው ስም ከልቡ የሚገባው ለእኔ ይሄኛው ነው። ችግሩ፣ ካንሰር ያለበት ዕጢ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት፤ ትልቁ በዚያች ቀዳዳ አያልፍም።

በብብት የሚገባው፣ ብዙ ጊዜ በሮቦት የሚሠራው፣ ረጅም መንገድ ነው። ከብብት እስከ አንገት ከቆዳው ሥር መንገድ ይከፈታል። ሰዓቱ ይረዝማል፤ ደረት ላይ መደንዘዝ ይኖራል። ክንድ ተዘርግቶ ስለሚቆይ ወደ እጅ የሚሄዱ ነርቮች አልፎ አልፎ ይወጠራሉ። የማዶውን ጎን መድረስም ያስቸግራል። ግማሽ ዕጢ ብቻ ለሚወጣለት ይሻላል።

በከንፈር በኩል ያለውን የታይላንዱ ሐኪም አንኩን አኑዎንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ሥራ አስፋፋው። ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ 3 ቀዳዳዎች፤ ቆዳ ላይ ምንም። ሁለቱንም ጎን እኩል ያሳያል። ሆኖም ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ይችላል፤ አፍ ደግሞ ጀርም አያጣውም፣ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ይሰጣል።

በየትኛውም መንገድ ቢገባ የድምፅ ነርቭና ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ትንንሽ ዕጢዎች እዚያው ናቸው። እነሱ ከተጎዱ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ስለዚህ ከዘዴው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፦ በዓመት ስንት የታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ? በዚህኛው ዘዴስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዓመት ከ25 በላይ የሚሠሩት ዘንድ ችግሩ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። መሃል ላይ ቢያስቸግር ወደ ነባሩ ይዞራሉ ወይ? ይህንንም ይጠይቁ።

ካንሰሩ ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ሌላም ምርጫ አለ፤ ሳይነኩ በአልትራሳውንድ መከታተል። በጃፓን ኮቤ ያለው ኩማ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይህን ያደርጋል፤ ብዙዎቹ እብጠቶች ለዓመታት አላደጉም። ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።