«ሚዲ አለው» ካሏችሁ ሰክታችሁ እዩ

ጀማው፣ ይህን የምጽፈው እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ዲጂታል ጊታር ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ላላችሁት ነው። እኔ 28 ሺህ ብር ከፍዬበታለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። የምኖረው ከዚራ ነው፣ ብዙ ሰው ባለበት ግቢ። ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ ለልምምድ የሚመቸኝ ማታ ነው። ማታ ደግሞ በድሬ ሙቀት ሁሉም መስኮቱን ከፍቶ ነው የሚተኛው፤ አልጋውን ግቢ የሚያወጣም አለ። በዚያ ሰዓት ጊታር መደብደብ ነውር ነው። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚገናኝ፣ ባሱንም ዋሽንቱንም በጊታር እየተጫወትኩ የምቀዳበት ነገር ስፈልግ ከረምኩ። ሚዲ ጊታር፣ ማለትም የነካችሁትን ኖታ ለኮምፒውተር የሚነግር ጊታር፣ ሲባል የምትጠብቁት ይህንን ነው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ ሊያጭበረብረኝ ያሰበ አይመስለኝም፤ የሚሸጠውን እቃ ራሱም አያውቀውም ነበር። ጊታሩ ያገለገለ ነው። የራሱ ስፒከር አለው። ሲያበራው ፒያኖው፣ ቫዮሊኑ፣ ትራምፔቱ ሁሉ ያምራል። ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። «ወንድሜ፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ትሰካዋለህ፣ በቃ ይቀዳልሃል» አለኝ። ድምፁን ስለወደድኩት አመንኩት። የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሚዲ በጆሮ አይፈተሽም።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. የጃፓንና የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች የተስማሙበት የመልእክት ቋንቋ ነው። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው «ይህ ኖታ ተነካ፣ በዚህን ያህል ጉልበት ተነካ፣ አሁን ተለቀቀ» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ድምፁን የሚሠራው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከስፒከሩ የሰማችሁት ትራምፔት የሚዲ ቀረጻችሁ ውስጥ አይገባም። ጊታሩ በስፒከሩ እንደ ንብ እየዘመረ አንዲት ቁጥር እንኳ ላያወጣ ይችላል።

የእኔውም እንደዚያ ሆነ። ቤት ወስጄ ሰካሁት፣ ላፕቶፑ ጭራሽ አላወቀውም። ገመድ ቀየርኩ፣ ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ምንም። በማግስቱ ሻጩ «ድራይቨር ይጎድለዋል» አለኝ፤ ላፕቶፑ እቃውን እንዲያውቀው የሚጫን ፕሮግራም ማለቱ ነው። ሦስት ሌሊት ድራይቨር ስፈልግ አደርኩ። በመጨረሻ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ለሚሠራ ጓደኛዬ ወሰድኩትና ጀርባውን ፈታው። አቦ፣ ያየሁትን አልረሳውም። የባትሪው ቤት ውስጥ የስልክ ፓወር ባንክ ተቀብሯል። ያ ዩኤስቢ የፓወር ባንኩ ቻርጅ ማድረጊያ ነው! አንድ ሰው ባትሪ መግዛት ሰልችቶት የገጠመው ነው። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ሙያውን አደንቃለሁ። ግን ከሙዚቃው ጋር በአንድ ሽቦ እንኳ አይገናኝም።

ጊታሩ ከታች በኩል ክብ፣ አምስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ነበረው። እውነተኛው የሚዲ መውጫ እሱ ነው። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ በ2 ሺህ ብር ጨምሬ ገዛሁ። በዚህኛው ቁጥር ወጣ። ደስ አለኝ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል።

ከዚያ የቀዳሁትን ሰማሁት። ሙት ነው። ፕሮግራሙን ከፍቼ ቁጥሮቹን ሳያቸው ገባኝ። በሚዲ የንክኪ ጉልበት ከ1 እስከ 127 ይለካል። እኔ በቀስታ ብነካውም፣ በኃይል ብመታውም፣ የሚወጣው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ጉድለት ይበልጥ ጎዳኝ፤ ክር ስስብ የድምፁን መታጠፍ፣ ቤንድ የምንለውን፣ አይልክም። እስቲ ትዝታን ያለዚያ አስቡት። አምስቱን ኖታ በትክክል ነክታችሁ ትዝታ አይሆንም። ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው በኖታዎቹ መካከል ያለው ለቅሶው፣ መንሸራተቱ፣ መንቀጥቀጡ ነው። አምባሰልም ያው ነው። እኔ የቀዳሁት ግን የስልክ መጥሪያ ይመስላል።

ቤንድ አለው የተባለውንም ቢሆን አጣሩ። ስድስቱንም ክር በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የመልእክት መስመር፣ የሚልክ ከሆነ፣ አንዱን ክር ስትስቡ በዚያ ሰዓት የሚጮኹት ሁሉ አብረው ይታጠፋሉ። ደህና የሚባለው ለእያንዳንዱ ክር የራሱን ቻናል የሚሰጥ ነው። ሚዲ 16 ቻናል ስላለው ቦታ አይቸግረውም።

እውነተኛ ክር ያለውና ፒክአፕ የተገጠመለት ሌላ ዓይነትም አለ። እሱ ክሩ ሲርገበገብ አድምጦ ነው ኖታውን የሚለየው፤ ጉልበቱንም ቤንዱንም ይዞ ሊልክ ይችላል። የራሱ ጣጣ መዘግየት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ አንዱ ዙር ብቻ 12 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መሣሪያው ለማረጋገጥ ከአንድ ዙር በላይ መስማት አለበት። ስለዚህ ባስ ሲጫወቱበት ድምፁ ከጣት ኋላ ኋላ ይላል። ስትሞክሩ ቀጭኑን ክር ብቻ ነክታችሁ እንዳትረኩ፣ ወፍራሙን በፍጥነት ምቱት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሞዴሉን ፊደል በፊደል አንብቡ። ለምሳሌ ካሲዮ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ዲጂ-20 የሚዲ መውጫ አለው፤ ዘመዱ ዲጂ-10 ግን የለውም። አዳፕተሩንም ገልብጡና እዩ። «100 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ለጃፓን መብራት የተሠራ ነው፣ የእኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ያቃጥለዋል።

ፈተናው ቀላል ነው። ኦቲጂ ገመድ፣ ማለትም የዩኤስቢ እቃን ከስልክ ጋር የሚያገናኘውን፣ ያዙ፤ መውጫው ክቡ ከሆነ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረውንም ጨምሩ፤ ስልካችሁ ላይ የሚዲ መልእክት የሚያሳይ ነጻ አፕ አስቀድማችሁ ጫኑ። ሱቅ ውስጥ ሰክታችሁ የጊታሩን ስፒከር ዝጉት። አንድ ክር በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል ንኩ፤ ቁጥሩ መለወጥ አለበት። ክሩን ሳቡ፤ የቤንድ መልእክት መምጣት አለበት። ሁለት ክር አንድ ላይ ንኩና የቻናሉን ቁጥር እዩ። ሻጩ «ቤት ሄደህ ትሞክረዋለህ» ካለ ጥላችሁ ውጡ።

ደረሰኝ ላይ ደግሞ «1 ጊታር» ብቻ አታስጽፉ። የእኔው ያንን ብቻ ስለሚል ስመለስ የምከራከርበት ነገር አጣሁ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ እቃ አይመለስም» ተለጥፏል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው እቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ግን በአፍ የተባለውን በምን አስረዳለሁ? «በሚዲ ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አስጽፉ። ሻጩ ለመጻፍ ካቅማማ መልሱን አግኝታችኋል።

ለልምምድ ብቻስ? ጣት አቀማመጥና ኮርድ ለማጥናት ይሆናል፣ እኔም አሁን ለዚያ ነው የምጠቀምበት። ነገር ግን የእኔው ክር ፕላስቲክ ነው፣ ስድስቱም አንድ ውፍረት ነው። ጣቴ አልጠነከረም። ቅኝት ስለማይወርድ ጆሮዬም አይሠራም። ከሁለት ወር በኋላ የጓደኛዬን አኮስቲክ ስይዝ ክሩ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ኤፍ ኮርድ ደግሞ አልጮኽ አለኝ።

ዛሬ 30 ሺህ ብሩ ተመልሶ ቢሰጠኝ ተራ ጊታር፣ የጊታሩን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ ሳውንድ ካርድና ባለ 25 ቁልፍ የሚዲ ኪቦርድ ነበር የምፈልገው። ያገለገለም ቢሆን። ማታ ማታ ኪቦርዱ ግቢውን አይረብሽም፣ ጊታሩን ቅዳሜ ከሰዓት እቀዳዋለሁ።

ኦቲጂ ገመዴ የትም አይሄድም። ታይዋን የምትሄዱ የሰፈሬ ልጆች መጥታችሁ ውሰዱት፣ ሞክራችሁበት ስትመለሱ ታመጡልኛላችሁ።